ጋሽ አንጁሎ፣ ፓራሹታችንን የሰፋልን ሰው

ቀልድ መስሎኝ ስልኩን ዘጋሁት። ጓደኛዬ ታሪኩ መልሶ ደወለ። «ጋሽ አንጁሎ አርፏል፣ ነገ ጨንቻ ነው የሚቀበረው» አለኝ። «የቱ ጋሽ አንጁሎ?» አልኩት፤ ሌላ የማውቅ ይመስል።

አሁን ሐዋሳ መናኸሪያ ነኝ። ረዳቱ «ሁለት ሰው ብቻ!» ማለት ከጀመረ ሰዓት አለፈው። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ወርጄ የማይመለከተኝን ጎማ አያለሁ። እጄ ሥራ ካልያዘ ላብድ ነው፤ ስለዚህ ልጻፍ።

ለማታውቁት፣ ጋሽ አንጁሎ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የጭነት መኪና ሸራ ሰፊ ነበር። ጨንቻ ተወልዶ ሽመና ላይ ያደገ፣ ኋላ ከተማ ወርዶ ከባዱ የስፌት ማሽን ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ሙዝ ጭኖ የሚወጣ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ሸራው ላይ ሆን ብሎ መተንፈሻ ይተውና «ነፋስ በር ትፈልጋለች። ካልሰጠኻት አፍርሳ ትወጣለች» ይል ነበር።

እኔና ታሪኩ ያኔ ከሱ ጎን ጋራዥ ነበረን። አንዲት አሮጌ ዲኤክስ መኪና አግኝተን፣ ወንበሯን ሳይቀር አራቁተን፣ ቱርቦ ያለው ሞተር ገጠምንላት። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር መግባት ነበር ሕልማችን። መሮጡንስ ሮጠች። ችግሩ መቆሙ ላይ ነው። ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ እሷ ትሄዳለች። ውጭ አገር እንደሚያደርጉት ከኋላዋ የሚዘረጋ ፓራሹት ያስፈልገን ነበር።

እኔ ከመርካቶ አንድ አሮጌ አስመጣሁ። ሰው ከአውሮፕላን የሚዘልበት፣ ነጭ፣ ሲዘረጋ ግቢያችንን የሞላ። ትልቅ ከሆነ ቶሎ ያቆማል ብዬ ልቤ አብጧል።

ጋሽ አንጁሎ መጥቶ በጣቶቹ ዳሰሰው። ስለ ፍጥነቷ አልጠየቀኝም። «ስንት ትከብዳለች? የቱ ጋ ነው የምታስራት?» አለኝ። ነገርኩት። ሳቀብኝ።

«ይሄ ሰው ቀስ አድርጎ ለማውረድ ነው የተሰፋው። አንተ ከየት ልትወርድ ነው? መሬት ላይ አይደለህ እንዴ! ይቺ ደግሞ ቀላል ናት፣ ጭራዋን ያነሳታል።»

ከዚያ የራሱን ሰፋ። ትንሽ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው፣ አንዱ ክንፍ ብርቱካናማ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ ገመዱ የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ። አይሱዙ ጀርባ ላይ እያሰረ ይሞክራል፣ ይፈታል፣ ይቆርጣል፣ እንደገና ይሰፋል። የኔ ትዕግስት አለቀ። መልኩም አሳፈረኝ። ያን ሁሉ ለፍቼ የድንኳን ቁራጭ እየጎተትኩ ሰው ይየኝ?

የሙከራው ቀን ማለዳ፣ አስፈቅደን ወደ ምዕራብ ዓባያ የሚወስደው መንገድ ላይ ቀጥ ያለው ቦታ ወጣን። ሰው ተሰብስቧል። እኔ ግን ማንም ሳያየኝ የሱን አውጥቼ ነጩን አስሬ ነበር። ለታሪኩም አልነገርኩትም።

ጋሽ አንጁሎ በኋላ በኩል ዞሮ ፓራሹቱ የታጠፈበትን ከረጢት እብጠት አየ። «የኔ ናት?» አለኝ።

«ያንተ ናት» አልኩት፣ ዓይኑን ሳላይ።

መንገድ ዳር ሄዶ እርጥብ ሳር ነጨ። ተመልሶ መጣና መኪናዋ ፊት፣ አስፋልቱ ላይ፣ ሳሩን በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ።

የጋሞ ሰው ያውቀዋል። ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ፣ ጦር የያዘም አልፎት አይሄድም። ታሪኩ ኮፍያውን አወለቀ። እኔስ? ክላክስ ነፋሁ! ነዳጅ ረገጥኩ! ጋሽ አንጁሎ ንቅንቅ አላለም። አንዲት ሙዝ ነጋዴ «አጥፋው! አባትህ ቢሆን ትሄድበታለህ?» ብላ ጮኸችብኝ። አጠፋሁት።

ወርጄ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ ሸራ ሰፊ ነህ፤ ሸራህን ስፋ!» አልኩት። ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና «እሺ ልጄ» አለኝ።

የዚያን ቀን ሙከራው ቀረ፤ ፓራሹቱን መቀየሬንም ታሪኩ ደረሰበት። በዚያው ሳምንት ነጩን ባዶ አይሱዙ ላይ አስሮ ሞከረው። የዲኤክሷን ፍጥነት ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ለቀቀው። ፓራሹቱ አይሱዙውን አጣምሞ አፍንጫውን ወደ ቦይ አዞረው፤ ማሰሪያውንም ከነብረቱ ገንጥሎ ሄደ። እኔ ዲኤክሷ ውስጥ ብሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በኋላ በሱ ፓራሹት ተወዳደርኩ። አላሸነፍኩም። ግን ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ጋሽ አንጁሎ ታሪኩን «ቆመ ወይ?» ብሎ ብቻ ነው የጠየቀው። ማን አሸነፈ አላለም።

እኔ ግን ሄጄ ይቅርታ አልጠየቅኩትም። አፈርኩ። ሥራ አገኘሁ ብዬ ሐዋሳ ገባሁ። ለመስቀል አገሩ ሲገባ ጨንቻ ወጥቼ እግሩ ላይ እወድቃለሁ እል ነበር። አንዱ መስቀል አለፈ፣ ሌላውም አለፈ፣ ሰባት ሆነ። ለሁሉም ነገር የምቸኩለው ሰውዬ ለዚህ ብቻ ጊዜ ያለኝ መሰለኝ።

ረዳቱን «የጎደለውን ወንበር እኔ እከፍላለሁ፣ በቃ ንዱት» ብዬዋለሁ። ልንወጣ ነው መሰለኝ።

ጋሽ አንጁሎ፣ ያን ቀን ያዋረድኩህ ሰው ፊት ነው፤ ስለዚህ ሰው ፊት ልንገርህ። ዋሽቼህ ነበር። አንተ ልክ ነበርክ፣ እኔ አጠፋሁ። ይቅር በለኝ። ዛሬ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ከሀፍረቴ የተነሳ ስምህን ጠርቼላቸው አላውቅም። አባታቸው የተረፈው አንድ ሽማግሌ ስለተንበረከከለት መሆኑን ከመንገድ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።

ደህና ሁን ጋሼ። ነገ አስከሬንህን ከሚሸከሙት አንዱ ልሁን እላለሁ፣ ልጆችህ እሺ ካሉኝ።