ወንድሜ የሠራው ጉልላት

ወንድሜ መርሳ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የብየዳ ቤት ነበረው። ሥራው በርና መስኮት ነው። ጉልላት አንድ ብቻ ሠራ። ስለዚያ ጉልላት ልጽፍ ነው፤ ከየት እንደምጀምር ግን በደንብ አላውቅም።

ቤተ ክርስቲያናችን ከቤታችን በላይ ኮረብታው ላይ ነው። ክብ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። አሮጌውን ጉልላት ዝገት ስለበላው አወረዱትና አዲሱን ወንድሜ እንዲሠራ ነገሩት። እስኪደርስ የጣሪያው አናት በሸራ ተሸፈነ። እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እጠብቃለሁ። ብረት እይዝለት ነበር።

«ይኼ ሁሉ ድካም ለጌጥ ነው?» አልኩት።

የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳቀብኝ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ምን ሲያስተምሩህ ከረሙ? የአያታችን ጎጆ አናት ላይ የተደፋው ገንቦ ለጌጥ ነበር?»

ትዝ አለኝ። የጎጆ ክዳን ሣሩ ከየአቅጣጫው መጥቶ ምሰሶው ጫፍ ላይ ሲገናኝ አናቱ በደንብ አይገጥምም። ዝናብ የሚገባው በዚያ ነው። ስለዚህ አሮጌ ገንቦ ይደፉበታል።

«ጉልላት ማለት እሱ ነው» አለኝ። «መጀመሪያ ቤት እንዳያፈስ ነው የተደፋው። መስቀሉ ኋላ ነው የወጣበት።»

ይህን ከማን እንደሰማው አልጠየቅሁትም። ከዚያ ወዲህ ግን ጉልላት ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየኝ ገንቦው ነው።

በመስቀሉ ዙሪያ ቅጠል የሚመስሉ ትንንሽ ቆርቆሮዎች እየቆረጠ አንጠለጠለ። ሲጨርስ «እስቲ እፍ በልበት» አለኝ። እፍ አልኩ። ትንሽ ተወዛወዙ እንጂ ድምፃቸው አልተሰማም።

«አይጮኽም እኮ።»

«አንተ ማን ነህና! እላይ ሲወጣ እፍ የሚልበት ሌላ ነው። እማዬ ቤቷ ቁጭ ብላ ትሰማዋለች።»

«ዋሾ» አልኩት።

ጦርነቱ የደረሰብን ጉልላቱ ሳይሰቀል ነው። ከወልድያ በኩል የሚመጣው ሕዝብ መንገዱን ሞላው። እኔና እናታችን ወደ ደሴ ወጣን። እሱ «ብረቱን ቤተ ክርስቲያን አድርሼ እከተላችኋለሁ» አለ። እናቴ እጁን ይዛ አልለቅም ብላ ነበር። «ሱቄ ቢዘረፍ ይዘረፍ፤ ይኼ ግን የእኔ አይደለም» አላት። ለቀቀችው።

አልመጣም። ስልክ ተቋርጧል። ወራት አለፉ። ስንመለስ ሱቁ በሩ ተገንጥሏል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ጉልላቱም የለም። ወደ ኮረብታው ወጣን። ያልሸሹት የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ እናቴን ሲያዩ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ያኔ ገባኝ።

ብረቱን ካደረሰ በኋላ፣ ቁልቁል ሲወርድ፣ የከባድ መሣሪያ ጥይት መንገዱ ላይ ወድቆ ገደለው። ዘበኛውና ቄሱ ሁለት ሆነው ቅጥሩ ውስጥ ቀበሩት። ፍትሐቱንም ቄሱ ብቻቸውን አደረሱ። አልቃሽ አልነበረም። እኛም አልነበርንም። ምልክት ሲያጡ የሠራውን ጉልላት ራስጌው ላይ ተከሉት።

«እኛም ብንሞት እናቱ በሥራው ታገኘዋለች ብለን ነው» አሉን ዘበኛው።

እናቴ ብረቱን አቀፈችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እየወጣች ሥሩ ትቀመጥ ነበር።

ክረምቱ ሲቃረብ ነገር መጣ። ሸራው ተቀድዶ ነበር። አንድ ቀን ካፊያ ጣለና ውሃው መቅደሱ ውስጥ ገባ። ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ ጽዱ ሥር ተሰበሰቡ።

አንድ ባለሱቅ «መቃብር ላይ የቆመ ብረት መቅደስ አናት አይወጣም። ከወልድያ አዲስ እናስመጣ» አለ።

«ከመሬት ያልወጣ ብረት አለ እንዴ?» አሉ ዘበኛው። «ወልድያ ብረት የሚወርደው ከሰማይ ነው?»

ሰው ሳቀ። ቄሱ ግን አልሳቁም። «ጉልላት ላይ የሰጎን እንቁላል የምንሰካው ለምን ይመስላችኋል?» አሉ። «ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ አትነቅልም። ከነቀለች ይበላሻል ይላሉ አባቶች። ጠባቂያችንም ዓይኑን አይነቅልብንም ለማለት ነው። ይኼ ብረት ማንም በሌለበት ጊዜ የክርስቲያን መቃብር ሲጠብቅ ከረመ። ምን ያረክሰዋል? ፈቃዱ የእናቱ ነው።»

ሁሉም ብረቱ ሥር ወደ ተቀመጠችው እናቴ ዞረ።

«ይፍቱኝ አባ» አለች። «ከነቀላችሁት ልጄን በምን ላውቀው ነው?»

 እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ አንደበቴ ይተሳሰራል። ግን አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ሥሩ ስትቀመጪ ቅጠሎቹ ሲጮኹ ሰምተሻል?»

ቀና ብላ አየቻቸው። «አልሰማሁም።»

«እዚህ ነፋስ አያገኛቸውም። ግንቡም ዛፉም ይከልላቸዋል። ቤትሽ ሆነሽ እንድትሰሚው ነው የሠራው። ነግሮኛል።»

 ተነሥታ የብረቱን እግር የያዘውን አፈር በእጇ ትምስ ጀመር። ዘበኛው ዶማ ሊያቀብሏት ሲሉ እንቢ አለቻቸው። እግሩ ሲወጣ በነጠላዋ ጠረገችው። በቦታው ድንጋይ አቆምን።

የተሰቀለ ዕለት ብሎኑን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከአሮጌው የወረዱት የሰጎን እንቁላሎች በየቦታቸው ተሰኩ። ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። እንዲህ ከፍ ብዬ አይቼ አላውቅም። መርሳ እግሬ ሥር ናት፤ ጥቁሩ መንገድ ወደ ሲሪንቃ ይሄዳል፤ የተቃጠለ መኪና ዳሩ ላይ እንደቆመ ነው። በምሥራቅ ቆላው እየሳሳ ሄዶ ከሰማዩ ጋር ይገናኛል። ያ ሁሉ የደረሰብን እዚህች ላይ ነው? አልኩ። መሬቱ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጸጥ ብሏል። ፈራሁ፤ ግን መውደቅ አልነበረም የፈራሁት።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። ቅጠሎቹ ባንድ ላይ ጮኹ።  እታች እልልታው ሲጀመር እናቴ እጇን አነሣች። ሰው ሁሉ ዝም አለላት። ራሷን ዘንበል አድርጋ ቆየች። እጇን ስታወርድ እልልታውን ራሷ አነሣችው።

ቤታችን ድረስ ሁልጊዜ አይሰማም። ነፋሱ ከኮረብታው ወደ እኛ ሲወርድ ብቻ ነው። እናቴ ያን ጊዜ እጇ ላይ ያለውን ሥራ ታቆማለች።

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ በቅዳሴ መካከል መጣ። ቆርቆሮው ተናወጠ፤ የዲያቆኑ ድምፅ ጠፋ። ሁላችንም፣ ባለሱቁም ጭምር፣ ወደ ላይ አንጋጠጥን።

ጠብ ያለ ነገር የለም።