ከሃምሳ ማይል በላይ የሚመጣው ንዝረት

ጥሩብርሃን የኩላሊት ሕሙማንን ከማውንትሌክ ቴራስ ሲያትል ወዳለው ክሊኒክ በቫን የምታመላልስ የሃምሳ ዓመት ሴት ናት። ሰሞኑን ልቧ አላርፍ ብሏታል። ቫኑ በሰዓት ከሃምሳ ማይል ሲያልፍ ከመቀመጫዋ ሥር ይነዝራል። ጎማዎቹን ሁለት ጊዜ ባላንስ አስደረገች፤ ለውጥ የለም። አለቃዋ ቴዲ መንገዱ ነው አላት። እሷ ግን እሁድ በገዛ መኪናዋ ስትሄድ እንኳ ጆሮዋ ከወለሉ አልነሳ አለ። ማክሰኞ ከኋላ የተቀመጡት እማማ ገንዘብ «ልጄ፣ እግሬ ድረስ ይሰማኛል» ሲሏት፣ እሳቸውን አድርሳ በቀጥታ ኦበርን፣ ሙሂዲን ጋራዥ ሄደች።

ሙሂዲን መጀመሪያ አብሯት ሀይዌይ ወጣ። ሃምሳ አምስት ላይ ማርሹን ኒውትራል እንድታደርግ ነገራት። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ፤ ንዝረቱ ግን እንዳለ ነው። እንግዲህ ሞተሩ አይደለም አለ። ተመልሰው ቫኑን መኪና ማንሻው ሊፍት ላይ ሰቀለው። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ ጠረገና ባለመርፌ መለኪያ አስደግፎ በእጁ ቀስ እያለ አዞረው። ከፊት በኩል መርፌው እምብዛም አልተነቃነቀም። መሃል ላይም እንዲሁ። ጥሩብርሃን ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ በሩ ድረስ ደርሳ ትመለሳለች። ወደ ዘንጉ ጫፍ ሲጠጋ መርፌው ወዲያና ወዲህ ተወራጨ።

«ጎብጧል» አላት። «ከምን ጋር ነው ያጋጨሽው?»

ታውቀዋለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ስትቸኩል ወደ ኋላ ብትመልሰው፣ የኋላ ጎማዎቹ የፓርኪንጉን የሲሚንቶ መከልከያ ተሻግረው ከሥር ቋ ብሎ ነበር። ሥራዬን አጣለሁ ብላ ለማንም አልተነፈሰችም። ጎማ ላይ ስታሳብብ የከረመችውም ለዚሁ ነው።

«ይሄን ይዘሽ ሰው አትጫኚ» አላት ሙሂዲን። «መጋጠሚያው ከለቀቀ ዘንጉ አስፋልት ላይ ይወድቃል።»

እዚያው ቆማ ለቴዲ ኮል አደረገች፤ አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። ቴዲ አልጮኸም። ለአንድ ሳምንት ከሥራ አገዳት፤ ቫኑም አዲስ ዘንግ ገባለት።

ስትመለስ እማማ ገንዘብ የት እንደጠፋች ጠየቋት። ሌላ ነገር ልትል አስባ አልሆነላትም፤ እውነቱን ነገረቻቸው።

«እኔንም ጭነሽ?»

«አዎ፣ እማማ። እርስዎንም።»

እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ። እስከ ክሊኒኩ ቫኑ ጸጥ ብሎ ይሄዳል፤ እሷ ግን የቀኙን መስመር ሳትለቅ በመስታወቱ ፊታቸውን ደጋግማ ታይ ነበር። ስታወርዳቸው እጃቸውን ሰጧት።

«ነገም አንቺው ነይ» አሏት።