ሦስተኛው መልስ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን። ስንቴ ጀምሬ «አባ፣ ሰንፌ ነበር» ብዬ አልፌዋለሁ፤ እሳቸውም ከጸሎት የሰነፍኩ መስሏቸው ስግደት ያዝዙኛል።

ያኔ፣ ላፍቶ ገና ጤፍ ሲዘራባት፣ ለገበሬ የውሃ ጉድጓድ በሚያስቆፍር የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። ባለሙያዎቹ መሬት ለክተው ያመጡትን ቁጥር ሁሉ እጽፋለሁ፤ ኮምፒውተሩ የት እንደሚቆፈር ይነግረኛል። ለእያንዳንዱ መልስም ተራ ቁጥር ይሰጣል። በኋላ መልሱን ስፈልገው ያን ሁሉ እንደገና መጻፍ የለብኝም፤ ተራ ቁጥሩን ብቻ መጥራት ነው። እንዴት እወደው ነበር! አረንጓዴዎቹ ፊደሎች ጥቁሩ ስክሪን ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ማራገቢያው እሹሩሩ ይለኛል፣ እኔ ጤፉ በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ በመስኮት እያየሁ በሐሳብ ጭልጥ እላለሁ።

አንድ ቀን የኦቦ ደበላን መሬት አስገባሁ። የላፍቶ ገበሬ ነበሩ፤ የሚፈቀድላቸውም አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው። መልሳቸው ሦስተኛ ሆኖ ወጣ። ወረቀት ላይ ሳልገለብጠው መብራት ጠፋ። ሲመጣ ኮምፒውተሩ የነበረውን ሁሉ ረስቶ ከአንድ ጀመረ፤ ባልደረባዬም የጀሞ መሬቶችን አስገባችበት። እንደሚረሳ አላውቅም ነበር? አሳምሬ አውቃለሁ እንጂ! ግን በቁሜ አልም ነበር። ሦስተኛውን ጠራሁ። «ምሥራቅ ጫፍ» አለኝ። ጻፍኩ፤ ለቆፋሪዎቹ ላክሁ።

ቆፈሩ። ደረቅ አፈር፣ ከዚያ ድንጋይ። ደንግጬ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መልሼ ጻፍኩ። ውሃው በምዕራብ በኩል ነበር፤ የላክሁት የጀሞውን ሦስተኛ መልስ ነው። ስክሪኑን አጠፋሁት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ በዚህ ጣቴ።

ኦቦ ደበላ ቢሮ መጡ። ይጮሁብኛል ስል እኔኑ አጽናኑኝ።

«አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጄ። ወንድሜን ከአባታችን መሬት አባርሬዋለሁ። ውሃውን የከለከለኝ የሱ እንባ ነው።»

ምን ነበረበት «ኧረ አይደለም፣ እኔ ነኝ» ብል? ሥራዬን ፈራሁ። እንዲያውም «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው እኮ! አፈር ይብላ ይሄ አፌ!

በሬዎቻቸውን ሸጡ። ብስራተ ገብርኤል አንድ ግቢ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። በዚያ ሳልፍ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ደኅና ነሽ ወይ፣ ልጄ?» ይሉኝ ነበር። ደኅና ነኝ እላለሁ፤ ታክሲዬን እይዛለሁ። እንደተረገሙ እያመኑ ሞቱ። ወንድማቸውን በድለው ይሆናል፣ እሱ የሳቸው ነው። ድርቁ ግን የኔ ነበር።

ይቅር በሉኝ አልልም። እሳቸው ሳይሉኝ ማን ሊለኝ? ልጅ ነበርኩ፣ መብራት ጠፋ ማለትም ሰበብ ነው። ብቻ ሰው እስከ ዛሬ «የተረገመው መሬት» ሲል እሰማለሁ፤ ልጆቻቸውም አንገታቸውን ይደፋሉ።

የኦቦ ደበላ ልጆች ሆይ፣ የአባታችሁ መሬት ውሃ ነበረው።