«እሺ» ያለው ጅብ

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። አቃቂ፣ ከወንዙ ማዶ በነበረው ቤታችን፣ ያኔ መብራት ጠፋ ማለት ደብተር ተከድኖ ተረት ተጀመረ ማለት ነው። አባቴ ቃሊቲ መጋዘን ጭነት ሲያወርድ ውሎ ይመጣና መግሪብ ሰግዶ ከከሰሉ ዳር እግሩን ይዘረጋል፤ እናቴ ፋኖሱን ታበራለች፤ የላምባው ሽታና የፍሙ ሙቀት አንድ ላይ ሆነው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል።

ሦስተኛ ክፍል እያለሁ እንዲህ ባለ ምሽት የጥጃዋን ተረት አወራልን። ሁለት ጎረቤታሞች አንዲት ጥጃ በጋራ ነበረቻቸው። አንዱ ቀን ያግዳታል፣ ሌላው ማታ በረት ያስገባታል። አንድ ምሽት የቀኑ እረኛ ቸኩሎ ኖሮ ከአጥሩ ውጭ ተዋትና «አደራ!» ብሎ ተጣራ። የማታው ሰው ቤት ውስጥ ነበርና አልሰማም። ከቁጥቋጦው ሥር ግን ጅብ «እሺ» አለ። እረኛውም ልቡ ረግቶ ሄደ። ሲነጋ ጥጃዋ የለችም፤ ሁለቱም «አንተ ጋ ያለች መስሎኝ» ተባባሉ።

አባቴ የጅቡን «እሺ» ድምፁን አጎርንኖ ስለሚለው ሁልጊዜ እንስቅ ነበር። ያን ማታ ግን እኔ አልሳቅኩም።

«አባዬ፣ ጥጃዋ ለምን አልጮኸችም?»

«ምን ብላ ትጩህ? ሁለት ጠባቂ አላት እኮ።»

ፍሙን እያየሁ፣ «እኔም ማንበብ አልችልም» አልኩት።

«ደብተርሽ ሙሉ አይደለም እንዴ?»

«ከሰሌዳ እያየሁ ነው የምስለው።»

እናቴ የፋኖሱን ክር ዝቅ እያደረገች «እንግዲህ ጅቡ ቤታችን ገብቷላ» አለች።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅዶ፣ እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ሄደ። ሲያስመዘግበኝ፣ ያኔ ወላጅ ሁሉ እንደሚለው፣ «አደራ፣ ቅጧት፣ ዓይኗን ብቻ ተዉልኝ» ብሎ መምህሬን ተሰናብቶ፣ ከዚያ ወዲህ ግቢውን አልረገጠም ነበር። መምህሬ ጉዳዩን ሲሰሙ ደንገጥ አሉ።

«ጽሕፈቷ ስለሚያምር ቤት የምታስጠኗት መስሎኝ» አሉ።

«እኔም እዚህ የምትማር መስሎኝ» አለ አባቴ። ወዲያው ተረቱ ትዝ አለው መሰለኝ፣ አንገቱን ደፋ።

አባቴ ራሱ ፊደል አልቆጠረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መብራት ኖረም ጠፋም አጠገቡ ያስቀምጠኝና «አንብቢ፣ እኔ ጆሮ ነኝ» ይለኛል። ጣቴ ከቃል ወደ ቃል ሲሄድ ይከተላል፤ ጣቴ ሲቆም፣ ከቆመበት ላይ በከሰል ነጥብ ያደርጋል። መምህሬ በነጋታው መጽሐፉን ገልጠው ከነጥቡ ይጀምራሉ፤ ቃሉን ስችለው ነጥቡን በላጲስ ያጠፉታል። የማታውን ነጥብ እሳቸው፣ የቀኑን ላጲስ እሱ እያዩ፣ መጽሐፌ ግራጫ ሆነ። አንድ ማታ ገጹ ያለ ነጥብ አለቀ። አባቴ ከሰሏን በጣቱ እንደያዘ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወደ ፍሙ መለሳት።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል አልገፋሁም። ዛሬ ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ከልጄ መጽሐፍ ብዙውን አላውቀውም። ጣቷ የት እንደሚቆም ግን አያለሁ፣ ጠዋትም ለመምህርቷ እነግራታለሁ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ዱዓ አድርጌ «አደራ» እላለሁ። ብዬ ግን አልሄድም፤ «እሺ» ያለው ማን እንደሆነ ዞሬ አያለሁ።