ኮርቻ ሰፊውና የደጃዝማቹ መኪና

ሞጣ ከተማ፣ ከአንድ የተወረሰ ግቢ ጓሮ፣ ጭድ የታጨቀበት አሮጌ የእህል መጋዘን ነበር። ጭዱ ሲወጣ ከሥሩ መኪና ተገኘ። ጥቁር፣ አፍንጫው የረዘመ፣ የፊት መብራቶቹ የድስት ክዳን የሚያካክሉ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት የተሠራ የመኳንንት መኪና። ባለቤቱ ደጃዝማች አብዮቱ እንደፈነዳ ሸፍተው በዚያው ቀርተዋል። መኪናቸው የዶሮ ማደሪያ ሆኖ ከርሟል።

እኔ ያኔ ቢቸና ውስጥ የእርሻ ትራክተር የሚጠገንበት ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። የሞጣ አውራጃ አስተዳዳሪ አስጠራኝና ሄድኩ። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ አንደበቱ ርቱዕ ሰው ነው።

«ይህ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው» አለኝ። «አስነሣውና ለአብዮት በዓል አደባባይ እናወጣዋለን። ከዚያ ፊውዳሉ በምን ይንፈላሰስ እንደነበር ሕዝቡ እንዲያይ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣል።»

አመንኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ነገሩ ትክክል መስሎኝ ነው። የጭቁን ልጅ ነኝ፤ የጌቶች ዕቃ ለሕዝብ መታያ ሲሆን ለምን ይከፋኛል?

ክረምቱን ሙሉ እዚያ መጋዘን ውስጥ ከረምኩ። ሞተሩ ዝጎ ድርቅ ብሎ ነበር። በየካንዴላው ቀዳዳ ላምባና ዘይት ቀላቅዬ እያፈሰስኩ ጠበቅኩት፤ አንድ ቀን ሞተር በእጅ የሚያስነሳውን ማንቬላ ስገፋው እንደ በሽተኛ አቃስቶ ትንሽ ዞረ። ያን ዕለት ብቻዬን ሳቅኩ። ራዲያተሩን በየረድፉ በየድኩ። ጋስኬት የሚባል የሞተር ማሸጊያ ስለማይገኝ ከካርቶንና ከቆርቆሮ ቆርጬ ሠራሁ። ጎማው ከአንድ ወድቆ ከቀረ የጭነት መኪና ተወስዶ በግድ ገባለት። መሪው ግን አስቸገረኝ። ከሥር ያሉት ጥርሶች ተበልተው አልቀዋል፤ እንዲያ ያለ ዕቃ ጎጃም ውስጥ ቀርቶ አዲስ አበባም አይገኝም። አስቀርጾ ማሠራት ይቻል ነበር፤ ለበዓሉ ግን ስለማይደርስ የቀረውን ጥርስ አጥብቄ ለአደባባይ ያህል አበቃሁት።

ወንበሮቹን አይጥ በልቷቸው ስለነበር ኮርቻ ሰፊ ተፈለገ። የመጡት ሰው በዕድሜ አባቴን ያክላሉ። ቆዳ ፋቂ ናቸውና አገሬው ሥራቸውን እየገዛ ከማዕዳቸው የማይቀርብ፣ ሲያልፉ በጎሪጥ የሚያያቸው ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከቅኔ ቤት ደጅ ተቀምጠው፣ ሳይገቡ፣ የሰሙትን ሁሉ በልባቸው ይዘዋል። ጋሼ እላቸው ነበር። የበሬ ቆዳውን በቅቤ አሽተው፣ ለስልሶ እንደ ጨርቅ ሲታጠፍ፣ መርፌውን እየሰኩ ያወሩኛል።

«ልጄ፣ እኔ እስከዛሬ በቅሎ ነው ያለበስኩ። ይኼኛው አይራገጥም፤ ደግ ነው።»

ወንበሮቹ ሲያልቁ የቆዳው ሽታ መጋዘኑን ሞላው። የአብዮት በዓል ዕለት መኪናውን እየነዳሁ አደባባይ ገባሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አስተዳዳሪው መድረክ ላይ ሆኖ ስለ ፊውዳል ግፍ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ኮርቻ ሰፊውንም ጠርቶ «የተናቀው እጅ ዛሬ ተከበረ» አለ። እውነት ለመናገር ያን ሲል እንባዬ መጣ።

መኪናው ግን አዳራሽ አልገባም። በሳምንቱ አስተዳዳሪው ቢቸና ላይ ስብሰባ አለኝ አለና መኪናው ይቅረብ ብሎ አዘዘ።

«ጓድ፣ መንገዱ ገና ጭቃ ነው» አልኩት። «መሪውም ልል ነው። ለአደባባይ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። መሬቱ እስኪደርቅ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ይሂዱ።»

«የበላይ ጓዶች እንዲያዩት እፈልጋለሁ። አንተ ትነዳለህ።»

ከኋላ፣ በአዲሱ ቆዳ ላይ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። አጠገቡ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ወጣት ገባ፤ የሞጣ ልጅ ነው። ኮርቻ ሰፊውን ከእኔ ጎን አስቀመጧቸው፤ ለእንግዶች «የሰፊው ሕዝብ ባለሙያ» ተብለው ሊታዩ ነው።

መንገድ ላይ ካለችው ግንደወይን ከተማ ሳንደርስ፣ አንድ ቁልቁለት ላይ፣ መሪውን ወደ ቀኝ ሳዞረው መኪናው ወደ ግራ ሄደ። ዋልካው ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዱ ተቀበረ። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰው ተሞልቷል። አስተዳዳሪው በመስኮት ብቅ ብሎ ጮኸ።

«እናንተ! ዕቃችሁን አስቀምጡና ጎትቱ!»

አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ቀረቡ። «ጌቶች፣ ትንሽ ወረድ ቢሉልን ይቀለን ነበር» አሉ።

«ጌታ የለም! ጓድ በል!»

«እሺ፣ ጓድ። ትንሽ ወረድ ቢሉልን።»

አልወረደም። ጫማው እንዳይቆሽሽ ነው። ጠፍር መጣ፤ ከፊት አሰሩት። ሽማግሌው፣ ጨው የተሸከሙ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ቄስ ሳይቀር፣ ጭቃ ውስጥ ገብተው «ያ ሆ!» እያሉ ጎተቱ። እኔና ኮርቻ ሰፊውም ወርደን ከኋላ ገፋን።

ያኔ አባቴ ትዝ አሉኝ። እኔ ትንሽ ሆኜ፣ ከሞፈራቸው ተነጥለው ተወስደው የጌታ መኪና ከወንዝ ሲጎትቱ ውለው፣ ትከሻቸውን ጠፍር ልጦት ማታ እናቴ ቅቤ ስትቀባቸው አይቻለሁ። ይኼው መኪና ይሁን ሌላ አላውቅም። «ከላዩ እንኳ አልወረደልንም» ያሉት ግን በጆሮዬ አለ። ታዲያ አብዮት ያልነው ምኑን ነው? ጠፍሩ ያው፣ ትከሻው ያው፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ብቻ ተለወጠ! ጥርሴን ነክሼ ገፋሁ። ሌላ ምን አቅም ነበረኝ?

መኪናው ወጥቶ ሰዉ ሲተነፍስ አስተዳዳሪው ከውስጥ ተቆጣ። «ይህ መኪና ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያዋረደን?»

ኮርቻ ሰፊው ጭቃቸውን ከእጃቸው እያራገፉ፣ ረጋ ብለው መለሱ።

«መኪናውስ ደህና ነበር፣ ጓድ። አስቸጋሪው መሪው ነው።»

መጀመሪያ ቄሱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ መንገዱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጎጃም ነው፤ ሰም ሲቀርብለት ወርቁን የማይፈልግ የለም። አስተዳዳሪው ብቻ አልገባውም። ወደ ጥበቃው ዞሮ «ምን ያስቃቸዋል?» አለ። ወጣቱ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ጭቃ ውስጥ ይቀር ነበር። ግን ጎንበስ ብሎ በጆሮው ነገረው። የሰውዬው ፊት ሲለዋወጥ አየሁ።

ቢቸና መሄዱ ቀረ። መሪው አንዴ እየያዘ አንዴ እየለቀቀ፣ በዝግታ ወደ ሞጣ ተመለስን፤ ኮርቻ ሰፊውን መኪናው በወጣበት መጋዘን ውስጥ ዘጉባቸው። ክሳቸው «አብዮታዊ አመራርን መዝለፍ» ተባለ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ገባሁ። ፈርቻለሁ፤ ንዴቴ ግን ይበልጥ ነበር።

«ጓድ፣ መሪው እኮ እውነትም ተበላሽቷል። ከመነሳታችን በፊት ነግሬዎታለሁ።»

«አንተም ቅኔ ጀመርክ?»

«ቅኔ አላውቅም፤ መካኒክ ነኝ። ይውጡና ራስዎ ይያዙት።»

መኪናው የቆመው ግቢው ውስጥ ነው፤ ባለጉዳዩ ቆሞ ያያል። እምቢ ማለት አልቻለም። ገብቶ መሪውን ጨበጠ። አዞረ። ጎማው ንቅንቅ አላለም። ወዲያ መለሰው፤ አሁንም ዝም። ከባለጉዳዩ መሃል አንዱ ሳል መሰል ድምፅ አሰማ። አስተዳዳሪው ወርዶ በሩን በኃይል ዘጋና ወደ ቢሮው ተመለሰ። ሰሙ እውነት ስለሆነ ለወርቁ ማስረጃ አጡለት።

ከሰዓት በኋላ ለቀቋቸው። ነገር ግን ሌሊቱን የውስጥ እግራቸውን ገርፈዋቸው ነበር። መቆም አልቻሉም። በቅሎ ለምኜ፣ ደግፌ አስቀምጬ፣ ከከተማው ዳር ካለው ቤታቸው አደረስኳቸው። ባለቤታቸው እግራቸውን ለብ ባለ የጨው ውሃ ስታጥብ እኔ ግድግዳውን እያየሁ ተቀመጥኩ። እንዲያ ያለ እግር አይቼ አላውቅም።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ስፌቱስ? ጭቃው አልነካውም?»

«አልነካውም ጋሼ።»

«እንግዲህ ደግ።»

አስተዳዳሪው ብዙ ሳይቆይ ሹመት አግኝቶ ተዛወረ። ዕቃው ሲጫን ሞጣ ነበርኩ። የመኪናውን የኋላ ወንበር አስነቅሎ፣ ከአልጋውና ከሳጥኑ ጋር ጭኖ ሄደ፤ ለሳሎን ይሆነዋል አሉ። ቀሪውን አካል የመጣ የሄደው እየፈታ ይወስደው ጀመር። አዲሱ አስተዳዳሪ «ይጠገናል ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «አይጠገንም» አልኩት። ይጠገን ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ቢቸና አውቶቡስ መናኸሪያ፣ አንድ ጎልማሳ እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ መጣ። ያ በጆሮ የነገረው የአብዮት ጥበቃ ነው። ወፍሯል፤ ነጋዴ ሆኗል።

«አላወቅከኝም እንዴ? ያን ጊዜ እኮ ሁላችንም ልጆች ነበርን» አለ እየሳቀ።

እጁን አልጨበጥኩም። «ኮርቻ ሰፊው በሕይወት አሉ» አልኩት። «ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ቤታቸውን ታውቀዋለህ፤ ሂድና ለእሳቸው ንገራቸው።»

«እሄዳለሁ፣ እውነቴን ነው» አለ።

ኮርቻ ሰፊው እስኪሞቱ ድረስ፣ ሞጣ በሄድኩ ቁጥር «መጣ ወይ?» እያልኩ እጠይቃቸው ነበር። አልመጣም።