የንባብ ክበባችን መተዳደሪያ ደንብ

ካርቱም ውስጥ አንድም መጽሐፍ ሳያነብ የኖረ የንባብ ክበብ አለ ከተባለ የእኛ ነው። ሰው ለማማት ብዬ አይደለም፤ ከመሥራቾቹ አንዷ እኔ ነኝ።

ቤተ መጻሕፍቱ ያለው ካላክላ ነው፤ ከገበያው ጀርባ፣ የሐፍላ፣ የከተማ አውቶቡስ፣ ረዳቶች ወደ መሃል ከተማ የሚሄድ ሰው እየጮኹ ከሚጠሩበት ቦታ አጠገብ። በሩ ላይ «ከሕፃን እስከ አዛውንት ሁሉም ይምጣ» የሚል በአረብኛ የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ለልጆች ተረት፣ ለሴቶች ስፌት፣ ለወጣቶች ኮምፒዩተር፣ ለሽማግሌዎች ቼዝ አለ ይላል። እውነትም ሁሉም ነበር። ችግሩ ደህና የሚሠራው ማራገቢያ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉም የሚካሄደው በአንድ አዳራሽ፣ በዚያች ማራገቢያ ሥር ነው። የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ቼዙ ይንቀጠቀጣል። ከቼዙ ንጉሦች አንዱ ጠፍቶ በለስላሳ ክዳን ተተክቷል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ክዳኑን እንደ ንጉሥ ያከብሩታል። ኮምፒዩተሩ መብራት በመጣ ቀን ይከፈታል፤ መብራት የሚመጣው ደግሞ ወጣቶቹ በሌሉበት ቀን ነው።

ኃላፊዋ ቶብ የሚሉትን መጎናጸፊያቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው የሚንጎራደዱ ሱዳናዊት ናቸው። ሁላችንም ኡስታዛ፣ መምህርት፣ እንላቸዋለን። እኔ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ በተመላላሽነት ስለምሠራ ቀን ከቤቴ የምገኘው ዓርብ ብቻ ነው። ኡስታዛም ይህን ሲሰሙ፣ «እናንተ ሐበሾች የንባብ ክበብ አቋቁሙ እንጂ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እኔ ራሴ እከፍትላችኋለሁ» አሉኝ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ምክንያቱም በልቤ የያዝኩት ጉዳይ ነበረኝ።

ጉዳዩ ልጄና እናቴ ናቸው። ልጄ የተወለደችው እዚያው ካርቱም ነው። እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ ስለምገባ ቀኑን የምትውለው ከሱዳናዊቷ ጎረቤታችን ጋር ነው፤ አረብኛውን ስታቀላጥፈው ለጉድ ነው። አማርኛዋ ግን «ውኃ ስጪኝ» እና «እንቅልፌ መጣ» ከሚለው ብዙም አያልፍም። እናቴ ደግሞ ጎንደር አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ትኖራለች። ዓይኗ ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄዶ ሄዶ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ወደ መለየት ደርሷል። ዓርብ ዓርብ ስንደውልላት ልጄ፣ «ሰላም እማማ፣ ኢንቲ ታማም?» ትላትና ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ትመልስልኛለች።

«ምን አለችኝ?» ትላለች እናቴ።

«ደህና ነሽ ወይ ነው የምትልሽ።»

«ተቀይማኛለች መሰለኝ፤ ለምንድን ነው የማታወራኝ?»

«ኧረ አማርኛው ነው እማዬ።»

«ታዲያ አስተምሪያታ። ሳላያት መሞቴስ እሺ፤ ሳላወራት ግን አልሙት።»

ይህን ያለችኝ ቀን ከስልኩ በኋላ ረጅም ሰዓት አለቀስኩ። ስለዚህ ለንባብ ክበቡ የነበረኝ ጉጉት ከሥነ ጽሑፍ ፍቅር የመጣ አልነበረም።

የቤተ መጻሕፍቱ የአማርኛ መደርደሪያ ወደ አገሩ የገባ አንድ ሰው ጥሎት የሄደ ነው። በላዩ የዶሮ እርባታ መመሪያ፣ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ፣ ግማሹ የተገነጠለ መዝገበ ቃላትና ሥዕል ያለበት አንድ የተረት መጽሐፍ ነበሩ። እኔ ዓይኔን የጣልኩት በተረቱ ላይ ነው። በየዓርቡ ለልጄና ለሌሎቹ የሐበሻ ልጆች ጮክ ብዬ ላነብላቸው አሰብኩ።

በመጀመሪያው ዓርብ ብዙ ሰው መጣ። ከሪያድና ከአል-ጣኢፍ ሰፈሮች እንደ እኔ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች የዕረፍት ቀናቸውን ይዘው መጡ፤ ነጋዴዎች መጡ፤ ግንባታ ሥራ ላይ የዋሉ መንገደኛ ወጣቶችም ስልካቸውን ቻርጅ ለማድረግ ከኋላ ተደረደሩ። እኔ ተረቱን ገልጬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ገና አፌን ሳልከፍት ካርቱም ውስጥ በጭነት መኪና መካኒክነት ያረጁ አንድ ሽማግሌ ተነሡ።

«ከማንበባችን በፊት ሥርዓት ይኑረን» አሉ።

እኛ ሰዎች ስንሰበሰብ የምናውቀው ነገር አንድ ነው፤ እድር። የንባብ ክበብ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በመካከላችን ስላልነበረ፣ ክበቡን ያቋቋምነው እንደ እድር ነው። ሽማግሌው በሙሉ ድምፅ ሊቀመንበር ሆኑ። ምክትል ተመረጠ፣ ዳኛ ተመረጠ፣ ሥነ ሥርዓት አስከባሪ ተመረጠ። መዋጮ የሚባል ነገር ባይኖርም ገንዘብ ያዥ ያስፈልጋል ተባለና ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ተጠቆመ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ መንገደኛ ነኝ» አለ ልጁ።

«እዚህ መንገደኛ ያልሆነ ማን አለ? ተመርጠሃል፣ ተቀመጥ።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ሊቢያ ሄደ። ሌላ መረጥን፤ እሱም ሄደ። ከገንዘብ ያዦቻችን አንዱ ከትሪፖሊ ደውሎ በሰላም መድረሱን ሲነግረን የሥራ መልቀቂያውን በጭብጨባ ተቀበልን። ያልደወሉትን በተመለከተ ግን ሊቀመንበሩ ማንም አስተያየት እንዳይሰጥ ከለከሉ።

ከዚያ በኋላ ወራቱን የወሰደው መተዳደሪያ ደንቡ ነው። የዘገየ አባል በር ላይ ካለችው ሻይ ሻጭ፣ ከሲት ሻይ፣ ለሁሉም ሻይ ይግዛ የሚለው ቶሎ ጸደቀ። አባል ሲታመም ተራ ገብተን መጽሐፍ እናንብብለት የሚለው ግን ከባድ ክርክር አስነሣ። አንዲት የአል-ጣኢፍ እህት እጇን አውጥታ፣ «እኔ ታምሜ ተኝቼ ስለ ዶሮ ፈንግል አልሰማም» አለች። ንግግሯ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባለ። አይደለም አለች። ዳኛው ዳኘ፣ ይግባኝ ተጠየቀ። የእኔ የተረት ንባብ በየዓርቡ አጀንዳ ላይ አለ፤ የመጨረሻው ተራ ቁጥር ላይ። እዚያ ሳንደርስ ሐፍላ ያልፈናል ተብሎ ይበተናል። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ተረቱን ይጠብቃሉ፤ እኔም መጽሐፉን ታቅፌ በንዴት እጠብቃለሁ። ልጄ አገጯን በእጇ ደግፋ ሊቀመንበሩን ትመለከታለች። አሰልችቷታል ብዬ አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

ኡስታዛ አማርኛ አይሰሙም። በሩ ላይ ቆመው ጠረጴዛው ሲደበደብ፣ እጅ ሲወጣ፣ ድምፅ ሲቆጠር ሲያዩ ፊታቸው ይፈካል። «ማሻላህ» አሉኝ አንድ ቀን፤ «የእኛዎቹ አንብበው ዝም ብለው ነው የሚሄዱት። እናንተ ግን ትከራከራላችሁ። የትኛው መጽሐፍ ነው?»

ሊቀመንበሩ ከእኔ ቀድመው የዶሮ እርባታውን አንሥተው አሳዩአቸው።

«እስካሁን ስለ ዶሮ?» አሉ ኡስታዛ።

«ጥልቅ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ በአረብኛ።

ኡስታዛም ለበላይ አለቃቸው የሐበሾቹ ክበብ ከሁሉም የጦፈ ነው ብለው ተናገሩ። በዚህ የተነሣ በቤተ መጻሕፍቱ የበዓል ቀን ሥራችንን እንድናቀርብ ተጠራን። የስፌት ሴቶች የሰፉትን ሰቀሉ፤ ሽማግሌዎቹ ከአለቃው ጋር ቼዝ ተጫውተው በለስላሳ ክዳኑ ረቱአቸው። የእኛ ተራ ሲደርስ የምናቀርበው አልነበረንም። ያነበብነው ምንም የለማ። ሊቀመንበሩ አስቸኳይ ስብሰባ ለመጥራት ሲንቀሳቀሱ ልጄ ተነሥታ ልጆቹን ይዛ ወደ መድረኩ ወጣች። ለካ ልጆቹ እኛ ስንጨቃጨቅ፣ በየሰፈሩ ደግሞ በሳምንቱ ቀናት፣ ስብሰባ ስብሰባ ሲጫወቱ ከርመዋል።

ልጄ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የቼዙን ክዳን አንሥታ ጠረጴዛውን መታችና ልክ እንደ ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ ሳለች።

«ምልዓተ ጉባኤው ስለተሟላ ስብሰባው ተከፍቷል። አንተ፣ ዘግይተሃል። ሻይ ትገዛለህ።»

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ሐፍላ አጥቼ ነው» አለ ልጁ።

«ከአጀንዳ ውጭ ነው። ሐሳብ ያላችሁ እጅ አውጡ።»

በዚሁ ቀጠሉ። ደገፉ፣ ተቃወሙ፣ ተአቅቦ ቆጠሩ፣ ገንዘብ ያዥ መረጡ፤ የተመረጠው ልጅ እጁን አውለብልቦ ከመድረኩ ሲወርድ ሌላ መረጡ። እዚህ ላይ አዳራሹ ውስጥ ያለነው ሐበሾች ሳቃችንን አቋረጥን። አለቃው ግን እያጨበጨቡ፣ ድራማው ስለ ምንድን ነው ብለው ኡስታዛን ጠየቁ።

«ስለ ዶሮ እርባታ» አሉ ኡስታዛ በኩራት።

ሊቀመንበሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሥርዓቱን ይዛዋለች» አሉኝ። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ልጄ በአማርኛ እያወራች ነበር። ያለማንም እርዳታ፣ ሳትደናቀፍ፣ እስከ መጨረሻው። እኔ ተረቱን ታቅፌ ስናደድባቸው የኖርኩባቸው ስብሰባዎች ናቸው ያስተማሯት። ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም።

ወደ ግቢው ወጥተን እናቴ ጋ ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋት። ልጄ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ሰላም እማማ። በመጀመሪያ ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።»

«ማን ልበል?» አለች እናቴ።

«የልጅ ልጅዎ ነኝ። ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛ፣ ደህና ነዎት ወይ? ሁለተኛ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው?»

እናቴ ሳል እስኪይዛት ሳቀች። ልጄ ያ ሳቅ ጋብ እስኪል በትዕግሥት ጠበቀች፤ ንግግር ማቋረጥ በደንባችን ክልክል ነው።

«ዓይኔማ ሄደ፣ ልጄ። አንቺን ሳላይ ሄደ።»

«ይህ ከባድ ጉዳይ ነው» አለች ልጄ።

«ከባድ ነው። ታዲያ መቼ ነው የምትመጪልኝ?»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጊዜው አልፎበታል፤ ድንበሩን ብሻገር ተመልሼ የምገባበት ወረቀት የለኝም፤ አሠሪዎቼም ፈቃድ የሚባል ነገር አያውቁም። ራሴን ነቀነቅሁ።

«ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» አለች ልጄ።

«እሺ፣ ይተላለፍ» አለች እናቴ።

ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ ማውራት ጀመሩ። ልጄ ሁለት ጊዜ ስላ ስብሰባውን ትከፍታለች፤ እናቴ ከሁሉ አስቀድማ የተላለፈውን ጉዳይ ታነሣለች፤ ልጄ ታየኛለች፤ ጉዳዩ ይተላለፋል። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ ላም፣ ካርቱም ስላለው ሙቀት በየተራ ሐሳብ ይሰጣሉ። እኔም ስልኩን የምይዘው ለሰላምታ ብቻ ሆነ፤ ቅናት ቢጤም ሳይሰማኝ አልቀረም።

የተላለፈውን ጉዳይ የወሰነልን ካርቱም ላይ የፈነዳው ጦርነት ነው። ድምፅ አልሰጠንበትም። ከካላክላ የወጣነው በለበስነው ልብስ ነው፤ ገዳሪፍ ደርሰን ከዚያም በመተማ ተሻገርን። ሊቀመንበሩ የት እንደደረሱ አላውቅም። ኡስታዛ ወንድማቸው ጋ ተጠግተው ሳለ አንድ ጊዜ በስልክ አግኝቼአቸው ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «የዶሮዋን ነገር ጨረሳችሁት?» ብቻ አሉኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን።

በመንገዱ ልጄ በመጀመሪያ በአረብኛ ብቻ ታወራኝ ነበር፤ በኋላ እሱንም ተወችው። ያየችው ነገር ለልጅ የሚሆን አልነበረም። እናቴ ደጅ ስንደርስ ከጀርባዬ ተደብቃ ነጠላዬን ጨምድዳ ያዘች። እናቴ በሩ አጠገብ ባለው መደብ ላይ ተቀምጣለች። እኔን አቅፋ፣ ፊቴን ዳብሳ ከጨረሰች በኋላ እጆቿን ወደ ፊት ዘረጋች።

«የታለች?»

ልጄ ዝም አለች። ወደ ፊት ገፋ አደረግኋት፤ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ሁሉ ዓርብ በኋላ ይኸው ፊት ለፊት ተገናኝተው ዝም ሊባባሉ ነው ብዬ ልቤ ተሰበረ። እናቴ ጥቂት ጠብቃ እጆቿን ሰበሰበች፤ ነጠላዋን አስተካከለችና ሁለት ጊዜ ሳለች።

«እሺ፣ ሐሳብ ያለው አለ?»

ልጄ ነጠላዬን ለቀቀች። ከጀርባዬ ወጥታ ቀጥ ብላ ቆመችና፣ ደንቡ እንደሚያዘው፣ እጇን አወጣች። እናቴ ድምፅ ትጠብቃለች፤ ልጄ ፈቃድ ትጠብቃለች።

«እማዬ፣ እጅ አውጥታለች» አልኩ።

«ይፈቀድላታል» አለች እናቴ።

«እማማ፣ መጣሁ» አለች ልጄ፣ እጇን ሳታወርድ።