በረዶ ላይ መቆም

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ ብቻ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ከተማ የእኛ አገር ሰው ገና ጥቂት ሳለ ነው። ሆኪ የሚሉት የበረዶ ላይ ጨዋታ የሚካሄድበትን ሜዳ የምጠርግበት ሥራ አገኘሁ። አለቃው፣ "እዚህ የሚወድቅ ሰው አልፈልግም፤ ከሰዓት መጥቼ አይሃለሁ" ብሎኝ ሄደ። ያን ነጭ በረዶ እንዳላቆሽሸው ሳስቼ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ወዲያው ተንሸራትቼ ወደቅሁ።

ብቻውን ይለማመድ የነበረ አንድ ተጫዋች እየሳቀ አነሳኝ። "ጫማህን አድርግ እንጂ ሰውዬ! ጉልበትህን ሸብረክ፣ እርምጃህን አጠር አድርግ" እያለ ክንዴን ይዞ በረዶው ላይ አዞረኝ። በየዓመቱ ቡድንና ከተማ እንደሚቀይር ሲነግረኝ ገረመኝና፣ "ታዲያ እናትህ ደብዳቤ የት ትልክልሃለች?" አልኩት።

"እሷም ግራ ገብቷታል" አለኝ።

አለቃው ሲመጣ መጥረጊያዬን ይዤ በረዶው መሃል ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። እንጀራዬን ያተረፈልኝ ያ ከከተማ ከተማ የሚዞር ተጫዋች ነው።